ሁለት በቅሎ፣ አንድ ጋሪ፤ ከጃንሜዳ እስከ እንጦጦ ጫካ

ጥቅምት 4

ሥራው ሁለት በቅሎዎችን ለመዝናኛ ማዘጋጀት ነው፤ ዳማዋን ለኮርቻ፣ ቦራዋን ለቀላል ጋሪ። መለማመጃው ጃንሜዳ ነው። ለግልቢያ የታሰበው ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጫካ የሚወስደው መንገድ ነው። ቀነ ገደቡ ጥምቀት ነው፤ ጥር ከገባ ጃንሜዳ የታቦታቱ ማደሪያ ስለሚሆን ለዚህ ሥራ አይመችም።

ዛሬ መለካት ብቻ። የሚያነሣቸው ሚዛን ስለሌለ ክብደታቸው በሜትር ተወሰደ፤ ከፊት እግር ኋላ የደረት ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ያለው ርዝመት። ዙሪያው በራሱ ይባዛል፣ በርዝመቱ ይባዛል፣ ለ11,900 ሲካፈል ክብደቱን በኪሎ ይሰጣል። ቀመሩ የፈረስ ነው፤ ለበቅሎ ጥቂት ኪሎ ወዲህ ወዲያ ቢልም ጭነት ለማስላት ይበቃል።

ዳማዋ፦ ዙሪያ 152፣ ርዝመት 145 ሳንቲ ሜትር፤ 280 ኪሎ ገደማ። ቦራዋ፦ 141 እና 134፤ 224 ኪሎ።

በቅሎ የክብደቷን ሩብ ትችላለች ይባላል። ሩቡ ግን ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ኮርቻውን፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ግላስ፣ ኮዳውንም ይጨምራል። ለዳማዋ ሩቡ 70 ኪሎ ነው። ኮርቻና ዕቃው 11 ኪሎ ሲወስድ ለሰው 59 ይቀራል። ይህ ለሜዳ ነው፤ ለረዥም ዳገት የያዝነው አንድ አምስተኛ ሲሆን ያኔ ለሰው የሚቀረው 45 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ አብዛኛው ጎልማሳ ዳገቱ ሲጠና ወርዶ መሳብ ግድ ይለዋል። ቦራዋ ለጎልማሳ ኮርቻ ጨርሶ አትሆንም፤ ለጋሪ የተመረጠችውም ለዚህ ነው። ኪራይ የሚያከራይ ሰው ይህን ስሌት አይነግራችሁም፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ጥቅምት 6

ሐኪም አያቸው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ተሰጠ (እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል)፣ የመንጋጋ ቆልፍና የእብድ ውሻ በሽታም ተከተቡ። ከተማው ውስጥ ባለቤት የሌለው ውሻ ስለማይጠፋ የመጨረሻው አይታለፍም። ከክትባቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ከባድ ሥራ የለም።

ዕረፍት ላይ የተወሰደ ልኬት፣ ዳማዋ፦ የልብ ምት በደቂቃ 40፣ ትንፋሽ 16፣ ሙቀት 37.6። ቦራዋ፦ 42፣ 18፣ 37.7። ይህ በወረቀት መያዙ ለወግ አይደለም። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ሆዱን ይራገጣል፤ በቅሎ ግን ሕመሟን ትደብቃለች። ምግቧን ትታ አንገቷን ደፍታ ከቆመች፣ ያ ብቻውን ሐኪም ያስጠራል። የማረጋጊያ መርፌም በፈረስ ልክ ቢሰጣት ብዙ ጊዜ አይበቃትም፤ ሐኪሙ በቅሎ መሆኗን በስልክ ሳይቀር ቀድሞ መስማት አለበት።

ቆዳቸው በእጅ ተዳሰሰ። በእግርና በአንገት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚወጣና የሚፈርጥ እብጠት የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ ሊሆን ይችላል። አምጪው ፈንገስ ሲሆን በቁስል በኩል ይገባል፤ ዝንብና የጋራ ዕቃም ያሻግሩታል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከሌላ እንስሳ ላይ የወጣ ኮርቻ፣ ልባብ፣ ብሩሽ እዚህ በረት አይገባም።

ጥቅምት 9

ምግብ። ለዳማዋ በቀን 4 ኪሎ ድርቆሽና 1 ኪሎ የጤፍ ጭድ፤ ለቦራዋ 3 ድርቆሽና 1 ጭድ። ሥራ ባለበት ቀን ብቻ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ፉርሽካ በውሃ ርሶ። ጨው አንድ ሾርባ ማንኪያ ሙሉ። ውሃ በቀን 20 ሊትር ይቀርባል፤ የተረፈው ተለክቶ ይጻፋል።

ፉርሽካና ፋጉሎ የሚወዱ ባለ ጋሪዎች ይህን ሲያዩ ቆጠባ ይመስላቸዋል። በቅሎ ግን ከፈረስ ባነሰ ትጠግባለች፤ ሲበዛባት ስቡ ከጋማዋ ሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሰኮናዋ ውስጥ ይታመማል። ፉርሽካ ደግሞ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ዋና ምግብ ሲሆን አጥንት ያሳሳል።

ከሱሉልታ የመጣው ድርቆሽ የዘንድሮ አዲስ እጭድ ነው። እጅ ወደ እስሩ መሐል ሲገባ ሦስቱ እስር ይሞቃል፤ አልደረቀም ማለት ነው። ተፈቶ ፀሐይ ላይ ተዘረጋ፤ እንደታሰረ ቢቀመጥ ይሻግታል። ሲዘረጋም ከውስጡ ሁለት ፌስታል ወጣ። ፌስታል አንጀት የሚዘጋ ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ እስር ሳይበተን አይሰጥም።

ጥቅምት 13

ኮርቻው መጣ። ባህላዊው ነው፤ ሁለት የእንጨት ገበታ፣ ፊትና ኋላው ከፍ ያለ፣ በጥሬ ቆዳ የተለበጠ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ልኩ ነው። ሠሪው «በቅሎ ያው የፈረስ ልጅ አይደለች?» ብሎ በፈረስ ልክ ሠርቶታል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ባዝራ ናት አለች ይባላል፤ ሠሪው አምኗታል። ጀርባዋ ግን የአባቷ ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ፈረስ ትከሻው መሐል ላይ ጉብ ያለ አጥንት ስላለው ኮርቻውን ይዞ ያቆማል፤ ጀርባውም መሐሉ ትንሽ ይጎደጉዳል። የበቅሎ ትከሻ ዝቅ ያለ፣ ጀርባዋ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ለፈረስ የጎበጠ ገበታ እሷ ላይ ሲቀመጥ የሚነካት በመሐሉ ብቻ ነው። ሁለቱ ጫፎች አየር ላይ ቀርተው እንደሚወዛወዝ ወንበር ይሆናል፤ የሰውየው ክብደት ሁሉ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ይወድቃል።

ለማረጋገጥ፦ ጀርባዋ ላይ ጠመኔ ተቀባ፣ ኮርቻው ያለ ግላስ ተቀመጠ፣ በሁለት እጅ ተጫነ፣ ቀጥ ተብሎ ተነሣ። ከገበታው ሥር ጠመኔ የያዘው ከመሐሉ አንድ ስንዝር ብቻ ሆነ።

ጥቅምት 16

የገበታው መሐል በመላጊያ ተላገ። ቆዳው ከሥር በኩል ተፈቶ መጀመሪያ 5 ሚሊ ሜትር ወረደ፣ ጠመኔ ተሞከረ፣ ገና ነው፤ ሌላ 3 ወረደ። በሦስተኛው ሙከራ ጠመኔው ከፊት እስከ ኋላ ያዘ። ለትከሻዋ ቅርጽ ደግሞ ለመብራት የሚዘረጋው ደረቅ የመዳብ ሽቦ ጀርባዋ ላይ ታጥፎ፣ ቅርጹ ካርቶን ላይ ተነድፎ፣ ካርቶኑ ተቆርጦ ከገበታው ሥር ተለካ። ሽቦው በሦስት ቦታ ይወሰዳል፤ ከትከሻ አጥንት ኋላ፣ መሐል ጀርባ፣ የመጨረሻው ጎድን ላይ። በሁለቱ ገበታዎች መካከል ያለው ክፍተት 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው ተቀምጦም ቢሆን በአከርካሪዋና በኮርቻው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ይገባል።

ግላሱ ከመንዝ ባና ነው፤ ሁለት እጥፍ፣ ከሥሩ የታጠበ አቡጀዲ። ስፖንጅ የመከሩ አሉ። ስፖንጅ ሲጫኑት ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ላብ አይጠጣም፣ ጀርባ ያፍናል። ሱፍ ላቡን ይጠጣል። ባናው ሲቀመጥ ወደ ፊት አልፎ ይቀመጥና ጠጕሯ በሚተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከዚያ ከፊት በኩል ወደ ኮርቻው ክፍተት ከፍ ይደረጋል፣ አለዚያ አከርካሪዋ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል።

ጥቅምት 18

ኮርቻው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የኋላ መያዣ ተሠራ። በጅራት ሥር የሚያልፈው ቀጭን ጠፍር ለሜዳ ይበቃል፤ ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን የጅራቷን ሥር ይልጣል። ስለዚህ ቂጧን በሰፊው የሚያቅፍ ተመረጠ። ማቴሪያሉ ከመርካቶ ሚናለሽ ተራ የተገዛ ያገለገለ የመኪና ቀበቶ ነው፤ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ ዋጋው ከቆዳ በብዙ የረከሰ። ናይለን ብቻውን ቆዳ ስለሚፈገፍግ በአቡጀዲ ተለብጧል።

ከፍታው ከጅራት ሥርና ከባት መካከል ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ወደ ጅራት ሥር ይሾልካል፣ ዝቅ ካለ ስትራመድ እግሯን ያስራል። ሜዳ ላይ ቆማ አራት ጣት የሚያስገባ ልል መሆን አለበት። ሜዳ ላይ የተወጠረ መያዣ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጎትታታል፤ መቶ ሜትር ሳትሄድ ታንክሳለች።

ጥቅምት 21

ልጓም። የባህሉ ልጓም የታችኛውን መንጋጋ በሙሉ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ትንሽ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋዋን ይጨምቃል፤ ለለመደ እጅ እንጂ ለእሑድ ጋላቢ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። በመሐሉ የሚታጠፍ ቀላል ልጓም ተተካ። የአፏ ስፋት በሲባጎ ሲለካ 11.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የ12 ሳንቲ ሜትር ልጓም ገባ።

ዳማዋ ጆሮዋን አታስነካም። ይህ የተፈጥሮዋ አይደለም፤ ጆሮ ጠምዝዞ መያዝ በየገበያው የተለመደ ነውና ከዚያ የመጣ ነው። መፍትሔው ልባቡን በጆሮዋ ላይ ማሾለክ መተው ነው። የአናቱ ጠፍር በግራ በኩል ዘለበት ተደርጎለት፣ ከጆሮዋ ኋላ ዞሮ እንደ አንገት ሐብል ይታሰራል። አንገቷን ከማከክ ተጀምሮ በቀን አሥር ደቂቃ ወደ ጆሮዋ እየተጠጉ ማሻሸት ይቀጥላል።

ጥቅምት 25

ሰኮና። የበቅሎ ሰኮና ጠባብ፣ ረዘም ያለና ቀጥ ያለ ነው፤ ለፈረስ የተዘጋጀ ክብ ጫማ አይገጥምም፤ ማዕዘኑን «አስተካክላለሁ» ብሎ እንደ ፈረስ ማጋደምም ጅማቷን ይጎዳል። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን እንዲቆዩ ተወሰነ። ዳሩ በሞረድ ክብ ተደረገ እንዳይሰነጠቅ። በየስድስት ሳምንቱ ይደገማል።

የብረት ጫማ ያልተመረጠበት ሌላው ምክንያት ኮብልስቶን ነው። ትናንት ያልታሰበ ካፊያ ጥሎ ነበር፤ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ብረት እንደ በረዶ ይንሸራተታል፣ ባዶ ሰኮና ግን ይይዛል። ይይዛል ማለት ቁልቁል ሶምሶማ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ጥቅምት 27 – ኅዳር 2

ኮርቻ የሌለበት ሥልጠና። መሳብ፣ መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፤ ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ማታ ሃያ። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ «ቼ» እና «ቁሚ»። ሦስት ሰው ሦስት ቃል ከተጠቀመ አትማርም።

ከዚያ የከተማው ነገር፦ የተከፈተ ጃንጥላ፣ መሬት ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ፣ የሚኒባስ ጡሩንባ፣ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል። ከሩቅ ይጀመራል፤ ጆሮዋን ቀስራ ካየችው በኋላ አንገቷን ዝቅ እስክታደርግ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይቀረባል። ለቦራዋ የከበደው ያልተጠበቀ ነገር ነበር፤ የዜብራ ቀለምና የፍሳሽ ፍርግርግ። ቆመች። ፈረስ በዚህ ጊዜ ይደነብራል፤ በቅሎ ትቆማለች፣ ታጠናለች። አለንጋ እዚህ ላይ የሚያስተምራት አንድ ነገር ነው፤ ፍርግርግ ያስመታል። ግማሽ ደቂቃ ተሰጥቷት አንገቷ ወደ ጎን በትንሹ ሲዞር፣ ለመቆም የተከለችው እግሯ ተነሣ፤ አለፈች።

ኅዳር 5

የዳማዋ የመጀመሪያ ጭነት በጃንሜዳ፣ 40 ደቂቃ፣ ርምጃ ብቻ። ሯጮቹና ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይበዙ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ኮርቻውን በሆዷ ዞሮ የሚያስረው መቀነት በአንዴ አልጠበቀም፤ ታስራ ሳለች ልል፣ አሥር ደቂቃ ተስባ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀዳዳ፣ ከመውጣት በፊት ሌላ። ሲጨርስ ሁለት ጣት ይገባል። በቅሎ ሲጠብቅባት ሆዷን ነፍታ ትይዛለች፤ በአንዴ የታሰረ መቀነት ሰው ሲወጣ ኮርቻውን ይዞ ሆዷ ሥር ይገባል።

ከሥራ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው አቡጀዲው ነው። ወዲያው ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። ላቡ በሁለቱ ጎን እኩል አርሶታል፤ ከግራ ትከሻዋ ኋላ ግን የቡና ስኒ አፍ የምታህል ደረቅ ክብ አለች። የማያውቅ ሰው ደረቁን ደህና ቦታ ይለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ላይ ጭነቱ ስለበዛ ደም አልደረሰም፣ ላብ አልወጣም። ነገ ያብጣል፣ ከሳምንት በኋላ ይላጣል፣ ሲድን ነጭ ጠጕር ያበቅላል። በየመንገዱ የምናየው ገጣባ ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ያለች ደረቅ ክብ ነበር።

ቦታው በጣት ሲጫን ጀርባዋን አሸሸች። ገበታው ሲገለበጥ ቆዳውን የያዘው የሚስማር ራስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ተገኘ። ተመታ፣ ተሞረደ፣ ቆዳ ተለጠፈበት። ለአምስት ቀን ኮርቻ የለም።

ኅዳር 10

ክቧ ጠፍታለች፤ በጣት ሲጫን አትሸሽም። ሃያ ደቂቃ ተጫነች፤ አቡጀዲው ሙሉ በሙሉ እርጥብ።

ኅዳር 12

ሥራ የለም። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው እስከ ማታ ጭስ ነው። የደረቀ ድርቆሽ አቧራና የጎማ ጭስ ተደምሮ ሳል ያመጣል። ድርቆሹ ውሃ ተረጭቶ ተሰጠ፤ የበረቱ መስኮት በጭሱ በኩል ተጋረደ።

ኅዳር 15 – 20

ጋሪው። አካሉ ከቱቦላሬ ተበየደ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጎማው የሞተር ሳይክል 17 ኢንች። ኩሽኔታዎቹ ተከፍተው በአዲስ ግራሶ ተሞሉ። ባሌስትራ ከአሮጌ መኪና ለመግጠም ታስቦ ተትቷል፤ ለሁለት ሰው ጋሪ እጅግ ደረቅ ነው፣ ክብደትም ይጨምራል። መቀመጫው በወፍራም ጎማ ላይ ተቀመጠ። በጠቅላላ 85 ኪሎ። ፍሬን ተገጥሟል፤ በእግር የሚረገጥ፣ ሁለቱንም ጎማ የሚይዝ።

ሁለቱ ዘንጎች የደረቀ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ ውፍረታቸው 6 ሳንቲ ሜትር። ጫፋቸው ከትከሻዋ ጫፍ ማለፍ የለበትም፤ ያለፈ ዘንግ ስትዞር አንገቷን ይወጋል፣ ልጓሙንም ይጠልፋል። ከመሬት ከፍታቸው 90 ሳንቲ ሜትር።

ስህተቱ የተገኘው በእጅ ሚዛን ነው። ሁለት ሰው (130 ኪሎ) ተቀምጦ የዘንጉ ጫፍ በሚዛን ሲነሣ 15 ኪሎ አሳየ። ያ ሁሉ ቀኑን ሙሉ በጀርባዋ ላይ ሊንጠለጠል ነበር። መቀመጫው ከጎማው አንጻር ወደ ፊት በዝቷል። የመቀመጫው ቡሎኖች ተፈተው 14 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተወሰደ፤ ሚዛኑ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ወረደ። ጨርሶ ዜሮ እንዲሆንም አይፈለግም፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ዘንጉ ወደ ሰማይ ይነሣል። ለዚህም ነው ዘንጉን ወደ ታች የሚይዘው የሆድ ጠፍር ለጌጥ አይደለም የሚባለው።

ኅዳር 23

የጋሪ ዕቃ። የደረት ጠፍሩ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከትከሻዋ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሦስት ጣት ከፍ ቢል የንፋስ ቧንቧዋን ያንቃል፤ ዝቅ ቢል ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ይፈገፍጋል። መጎተቻዎቹ በቀጥታ ጋሪው ላይ አልታሰሩም፤ መሐሉ ላይ በአንድ ቡሎን የሚዞር እንጨት ተገጥሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ታሰሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱ ትከሻ ይቀድማል፤ እንጨቱ አብሮ ካልዞረ ጠፍሩ ትከሻዋን እንደ መጋዝ ይበላዋል። በከተማው ዳርቻ በሚሠሩ ጋሪዎች ላይ ይህ እንጨትና የኋላ መያዣው ብዙ ጊዜ የሉም፤ የፈረሶቹ ትከሻና ጅራት ሥር ምስክር ነው።

የዓይን መከለያ ተዘጋጅቷል፤ ግን ጋሪው እስኪታሰር ድረስ አይደረግም። ከኋላዋ ምን እንደሚመጣ አስቀድማ ማየት አለባት።

ኅዳር 25 – ታኅሣሥ 6

ቦራዋ በደረጃ፦ መጀመሪያ በሁለት ረዥም ገመድ ከኋላ መንዳት፣ አራት ቀን። ከዚያ አሮጌ የመኪና ጎማ መጎተት፤ ገመዱን ሌላ ሰው በእጁ ይይዘዋል እንጂ አይታሰርባትም፣ ብትደነግጥ ይለቀቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ የጎማው ድምፅ አልገደዳትም፤ ያኔ ታሰረ። ቀጥሎ ሁለት ቀርከሃ በጎንና በጎኗ፤ ስትዞር ጎኗን የሚነካትን ነገር እንድትለምድ። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሜዳ ላይ የተገለበጠ ጋሪም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ታኅሣሥ 7

የመጀመሪያ እስር። ሁለት ሰው፣ አንዱ ከፊቷ ቆሞ አይንቀሳቀስም። ቅደም ተከተሉ፦ ዛብ፣ ዘንጉ ወደ ማንጠልጠያው፣ መጎተቻ ግራና ቀኝ፣ የኋላ መያዣ፣ የሆድ ጠፍር። ሲፈታ በተቃራኒው፤ ዛቡና ልባቡ መጨረሻ። ጋሪው ገና ሳይፈታ ልባቧን የሚያወልቅ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም። በቅሎዋ ዞር ብላ ጋሪውን ታያለች፣ የሚይዛት የለም፣ ከዚያ ጃንሜዳ አይበቃትም።

ባዶ ጋሪ፣ 15 ደቂቃ። በቂ ነው።

ታኅሣሥ 11

በሁለት ሰው። በመጎተቻውና በጋሪው መካከል የ50 ኪሎ ሚዛን ታስሮ ተነበበ፦ አስፋልት 5 ኪሎ፣ የደረቀ የጃንሜዳ ሣር 11። ጎማው አየሩ ጎድሎ ሳለ በሣሩ 14 ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሳትጎዳ መሳብ የምትችለው ከክብደቷ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት በመቶ ነው፤ ለቦራዋ ከ22 እስከ 27 ኪሎ። አሁን ዳገቱ ይሰላል። ጋሪና ሰው 215 ኪሎ ነው፤ ዳገቱ 8 በመቶ ቢሆን፣ የጥርጊያ መንገዱ 3 በመቶ ተደምሮበት 11፤ ይህም 24 ኪሎ ገደማ። በ12 በመቶ ዳገት 32 ይሆናል፤ በጥቂት ሜትር ካልሆነ አትችለውም። የዳገቱ ልክ በአንድ ሜትር እንጨትና በውሃ ልክ ተወሰደ፤ እንጨቱ ተስተካክሎ ሲያዝ ጫፉ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ራቀ ነው። ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ 14 እና 16 የሚያሳዩ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ተቆረጠ፤ ጋሪ እንጦጦ አይወጣም።

ታኅሣሥ 15

ዳማዋ ወደ ጫካው። መነሻ 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት፣ ከሚኒባሶቹ ግርግር በፊት። አስፋልቱ ላይ በልባብ ተሳበች እንጂ ሰው አልወጣባትም፤ ግልቢያ የተጀመረው ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ሲጀምር ነው። ሰጋር ናት፤ ሜዳ ላይ ውሃ በብርጭቆ ቢይዙ አይፈስም። ዳገት ላይ ግን በስግሪያ አትወጣም፤ በርምጃ ትለቀቃለች፣ ዛቡ ይላላል፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መንገዱን ራሷ ትመርጣለች። ትከሻዋን ነጻ ለማውጣት ጋላቢው ወደ ፊት ጋደል ይላል፣ ጋማዋን ይይዛል እንጂ ዛቡን አይደገፍም።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ሁለት ቦታ ላይ ቆማ የልብ ምቷ ተለካ። ከመጀመሪያው ዳገት እንደወጣች 88፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 56። ከአሥር ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ከ64 በላይ ከቆየ ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ በእግር ይመለሳል። ሁለተኛው ላይ 92 እና 60።

መንገዱ ላይ ቅድሚያ የእንጨት ተሸካሚዎቹ ነው። ከላይ ቁልቁል የሚመጣው ሸክም መቆም አይችልም፤ በቅሎዋ ወደ ዳገቱ በኩል ዘወር ተደርጋ ቂጧን ወደ ጫካው ሰጥታ ትቆማለች። አህዮች ሲመጡ ደግሞ አስቀድሞ መውረድ ይሻላል፤ የአባቷን ወገን ስታይ ለመከተል ታስባለች። እንጦጦ ከተማው በነበረበት ዘመን ይህን ዳገት የሚወጣው ሹም በበቅሎ ተቀምጦ የጦር ፈረሱን ባዶውን ያስስብ ነበር፤ ዳገቱን ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ቁልቁለቱን ሰው ወርዶ ሳባት። የኋላ መያዣው ኮርቻውን ያዘ፤ ኮርቻው የተንሸራተተው ሁለት ጣት ያህል ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጫካው ውስጥ አይቆይም፤ ጅቡ የራሱ ሰዓት አለው።

ታኅሣሥ 19

ከጉዞው በኋላ በቀኝ ጭኗ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተፈገፈገ ጠጕር ተገኘ። የመያዣው አቡጀዲ ስፌት ከውስጥ በኩል ነበር። ተፈትቶ ስፌቱ ወደ ውጭ ተገለበጠ። ቆዳው በሞቀ የጨው ውሃ ብቻ ታጥቧል፤ የተቃጠለ ዘይትም ሆነ የባትሪ ድንጋይ አይቀባም፤ ሁለቱም ያቆስላሉ።

ታኅሣሥ 24

ቦራዋ በዓይን መከለያ፣ 50 ደቂቃ፣ ስምንት ቁጥር፣ ሶምሶማ በአጭር በአጭሩ። አንድ ጊዜ ኳስ ከጋሪው ሥር ገባ፤ ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ሰጠች፣ «ቼ» ሲባል ቀጠለች። የግራው ዳዶ ግን ላልቶ ተገኘ፤ በሁለት ዳዶ ተቆለፈ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ቡሎኖቹ በእጅ ይነካሉ።

ጥር 3

ሜዳው ለበዓሉ ሊዘጋጅ ስለሆነ የመጨረሻው ቀን። ዕቃው ታጠበ፤ ቀበቶው በሳሙና፣ ቆዳው በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ ጥላ ሥር ደርቆ ሞራ ተቀባ። ቅቤ አይቀባም፤ ይሸታል፣ አይጥ ጠፍሩን ይበላዋል።

የደረት ዙሪያ ድጋሚ ልኬት፦ ዳማዋ 152፣ እንደነበረች። ቦራዋ 139፤ 218 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፤ ስድስት ኪሎ ጠፍቷል። ጥርሷ ታይቷል፣ ደህና ነው፤ የጎተተችው በልታ ከምትተካው በልጧል። ከነገ ጀምሮ ድርቆሿ ላይ ግማሽ ኪሎ ይጨመራል፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ ትለካለች።